የቀበሮው ድምፅ

ከድር ቪዲዮ መሞቱን የሰማሁት ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ረዳቱ ሂሳብ እየሰበሰበ ሾፌሩን፣ «መስጊዱ ጋ መንገድ ይዘጋብናል፤ የከድር ቪዲዮ ቀብር ነው» አለው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «ኢና ሊላሂ!» ብለው አፋቸውን በሻሻቸው ያዙ። እኔም ተከትያቸው ያንኑ አልኩ። ከዚያ ግን ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝና ረዳቱን፣ «ምን ሆኖ? ወድቆ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ኧረ ምን ይወድቃል! ሱብሂ ሰገደ፣ ጋደም አለ፣ በዚያው ቀረ። እንዲህ ያለውን ሞት ለሁላችንም ይስጠን» አለኝ።

ሚኒባሱ በሙሉ «አሚን» አለ። እኔ አላልኩም።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ግን ክፉ የሠራ ሰው መጨረሻው ከገደል መውደቅ ነው ብሎ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያስተማረኝ ሌላ ሰው ሳይሆን ራሱ ከድር ነው። አልጋው ላይ ተኝቶ በሰላም ሞተ ሲሉኝ ቅር ቢለኝ የማን ጥፋት ነው? ሮቤ ስንደርስ ሕዝቡ አስፋልቱን ሞልቶት ነበር። ሱቆች ተዘግተዋል። ሚኒባሱ ጥግ ይዞ ቆመና ሬሳው እስኪያልፍ ጠበቅን።

ልጅ ሆኜ «ጋሼ» እና «እርስዎ» ነበር የምለው፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ እስከ መጨረሻውም እንዲያው አልኩት። እዚህ ግን «እሱ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ልቤ አንቱታውን ከወሰደበት ብዙ ጊዜው ነው።

ያኔ የሮቤ ልጅ ሁሉ ቅዳሜ ጠዋት የት እንደሚገኝ ወላጅ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከገበያው ጀርባ፣ ከስንዴ መጋዘኖቹ ጎን አንድ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነበር። ውስጡ አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ፊት ለፊት በእንጨት ሳጥን የተቆለፈ ቴሌቪዥን፣ ከሥሩ ዴክ። ማታ ማታ ለጎረምሶች የድብድብ ፊልም ያሳያል። ቅዳሜ ጠዋት ግን የልጆች ነው፤ ካርቱን። ሳንቲም ያልያዘ ልጅ በር ላይ ሲቁለጨለጭ ካየ፣ «አንተ ምን ትጠብቃለህ? ዶሮዋ እኮ ልትበላ ነው!» ብሎ በጆሮው ይዞ ያስገባዋል።

ካሴቶቹ በእንግሊዝኛ ነበሩ። እንግሊዝኛ የሚያውቅ ደግሞ ከመሃላችን አልነበረም፤ አሁን ሳስበው ከድርም አያውቅም። እሱ ግን የቴሌቪዥኑን ድምፅ ይዘጋና በርጩማው ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ራሱ ይናገራል፤ በአማርኛ የጀመረውን በኦሮምኛ ይጨርሰዋል። እናት ዶሮ እንቁላል የምትቸረችር የገበያ ሴት ትሆናለች። ውሻው ሥራው ላይ የሚያንቀላፋ ዘበኛ ይሆናል። ጫጩት ጠፍታ እናትየው ስታለቅስ የከድር ዓይን እውነተኛ እንባ ያቀርር ነበር።

ቀበሮው አጅሬ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ከድር ነው። አንድ ቀን፣ አባቷ የፓርክ ስካውት የሆነ ጓደኛችን ብድግ ብላ፣ «ጋሼ፣ ቀይ ቀበሮ እኮ ዶሮ አይበላም! አይጥ ነው እሚበላው። አባቴ ሳነቴ ላይ ሁሌ ያያቸዋል» አለችው። ከድር ምንም ሳይደነግጥ፣ «ልክ ነሽ። ይሄኛው በጠባዩ ከሳነቴ የተባረረ ነው» አላት። አመነችው። ሁላችንም አመንነው።

ዋናው ነገር ግን ፍርዱ ነበር። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አጅሬ ዶሮዋን እያሳደደ የገደሉን ጫፍ አልፎ ይሮጣል። እንደምታውቁት ካርቱን ውስጥ ክፉ ሰው ወዲያው አይወድቅም። እግሩ አየር ላይ ይሽከረከራል፤ ወደ ታች ያያል፤ ከዚያ ወደ እኛ ያያል። ከድር እዚህች ላይ ዴኩን ቀጥ ያደርገዋል። አጅሬ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከድር ቀስ ብሎ ከበርጩማው ይነሳና ኮፍያውን አስተካክሎ ሌባ ጣቱን ወደ ጣሪያው ይቀስራል።

«ፍርድ!» ይላል። «ዶሮ የሰረቀ፣ እናት ያስለቀሰ፣ ምን ይሁን?»

«ይውደቅ!»

«ምን? ጎባ ድረስ አልተሰማም!»

«ይውደቅ! ሃ ኩፉ! ሃ ኩፉ!» በሁለቱም ቋንቋ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ እንጮሃለን።

ቁልፏን ይጫናታል። አጅሬ ይወድቃል። ወድቆም አይተዉትም፤ ቋጥኝ ይከተለውና እንደ ቂጣ ይደፈጥጠዋል። ለዶሮዋ ያዘጋጃት ፈንጂ እጁ ላይ ትፈነዳለች። እኛ ወንበር ላይ ቆመን «ይደገም!» እንላለን፤ ከድርም ካሴቱን ወደ ኋላ መልሶ ይደግምልናል። መጨረሻ ላይ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ «አያችሁ አይደል? ክፉ ሠርቶ የሚያመልጥ የለም። በሉ ሂዱ፣ እናቶቻችሁን አግዙ» ብሎ ይሸኘናል። ዓይናችን በብርሃኑ ተወግቶ፣ ዓለም ልክ እንደሆነች አምነን፣ በጭቃው ወደየቤታችን እንሮጣለን።

እወደው ነበር። ይህን ዘልዬ ቀጣዩን ብናገር ዋሾ ነው የምሆነው። ለምን እወደው እንደነበር አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወለሉ ላይ ሸራ አንጥፎ ስለነበር ጫማችንን በር ላይ እያወለቅን ነው የምንገባው። አንድ ቅዳሜ የአንዲት ልጅ አዲስ ጫማ ጠፋ። ልጅቷ እዬዬ አለች። ከድር፣ አጅሬ ጫጩቷን የዋጠበት ቦታ ላይ ዴኩን አቆመና፣ «ጫማው እስኪመለስ ጫጩቷ ሆዱ ውስጥ ትቆያለች» አለ። ትንንሾቹ ለጫጩቷ ማልቀስ ጀመሩ። ትንሽ ከጠበቀ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ። አሁን ቴሌቪዥኑንም መብራቱንም ላጠፋ ነው። ጫማውን የያዘ ልጅ በር ላይ ያስቀምጠው። ማንም ማንንም አያይም፤ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ» አለ። ጨለመ። ኮሽ የሚል ነገር ተሰማ። ሲበራ ጫማው ቦታው ላይ ነበር። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከእኛ አንዱ ያን ቀን ሳያፍር ወደ ቤቱ ገባ። ከድር የሰውን ፊት ከሀፍረት ማትረፍ የሚያውቅበት ሰው ነበር ማለቴ ነው። ይቺን ያዙልኝ።

አባቴ ሰይድ ይባላል፤ የደሴ ሰው ነው። ለመብራት ሥራ ባሌ ተመድቦ መጥቶ የጎባ ልጅ የሆነችውን እናቴን አገባና ቀረ። ከተማው ሰውን በሥራው ነውና የሚጠራው፣ እሱ ሰይድ መብራት፣ ያኛው ከድር ቪዲዮ። ጓደኛሞች ነበሩ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ዳማ ይጫወታሉ። ያ ቤት መብራት ሲገባለት ሽቦውን የዘረጋው፣ የልጅ እጅ እንዳይደርስበት ብሎ ቆጣሪውን ከፍ አድርጎ የሰቀለው አባቴ ነው።

አባቴ ቁም ነገር ሊናገር ሲል ጉሮሮውን ሁለቴ ይጠርጋል፤ መጀመሪያ በቀጭኑ፣ ቀጥሎ በወፍራሙ። «እህ፣ እህህም።» ከዚያ፣ «ደንብ ነው፣ ወንድሜ» ይላል። ለሁሉም ሰው «ወንድሜ» ነው፤ ለአለቃውም፣ ለጋሪ ነጂውም። ለእኔ ብቻ ይቀይረዋል። እግሬን ሳልታጠብ አልጋ ላይ ስወጣ ከበሩ ቆሞ፣ «እህ፣ እህህም። ደንብ ነው፣ እናቴ» ይለኛል። እየሳቅኩ ወርጄ እታጠባለሁ።

አንድ ክረምት ከድር ከራሱ መስመር ጠልፎ ከጀርባው ላሉ ቤቶች መብራት ሰጠ። ራቁቱን የቀረ ሽቦ በዚያ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ተጋድሞ፣ ከሥሩ ልጆች እየተጋፉ ይገባሉ። አባቴ እንዲያነሳው ነገረው። ደግሞ ነገረው። በመጨረሻ መሰላሉን ይዞ መጣና የቪዲዮ ቤቱን መስመር ቆረጠው። ሰፈርተኛው ቆሞ እያየ ከድር፣ «ሰይዶ፣ ተው እንጂ! በሰው ፊት?» ብሎ ለመነው። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ደንብ ነው፣ ወንድሜ» አለው። ቪዲዮ ቤቱ ለጥቂት ቀን ጨለማ ሆነ። ከዚያ ጥልፉ ተነሳ፣ መስመሩ ተመለሰ፣ አርብም እንደ ወትሮው ዳማ ተጫወቱ። አባቴ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ አጅሬ አዲስ ድምፅ ይዞ መጣ።

እስከዚያ ቀን ድረስ አጅሬ ሲናገር እንደ ፍየል ነበር። ያን ቀን ግን እናት ዶሮን አንገቷን ከማነቁ በፊት ቆም አለና ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገ፤ በቀጭኑ፣ ከዚያ በወፍራሙ። «ደንብ ነው፣ ወንድሜ» አላት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለዶሮ «ወንድሜ»! እኔም ሳቅኩ። ድምፁን የት እንደማውቀው አልመጣልኝም፤ ብቻ የቤት ሰው የሆነ ያህል ደስ አለኝ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት ለዚህ ይመስለኛል።

ወር ሳይሞላ ሮቤ ውስጥ «ደንብ ነው፣ ወንድሜ» የማይል ልጅ ጠፋ። ብይ የበላ ሁሉ ጉሮሮውን ጠርጎ ይላታል። ጋሪ ነጂዎቹም ያዟት።

አንድ ምሽት እራት ቀርቦ አባቴ እጄን ሳልታጠብ አየኝ። «እህ፣ እህህም። ደንብ ነው፣ እናቴ» አለኝ። እኔ ከመቀመጫዬ ዘልዬ፣ «አባዬ! ልክ እንደ አጅሬ!» አልኩት።

«አጅሬ ደግሞ ማነው?»

«ቀበሮው! ዶሮ ሌባው! ጋሽ ከድር እኮ ነው የሚያወራለት!»

አባቴ ሳቀ። የልጅ ጨዋታ መስሎት ነው። እናቴ ግን አልሳቀችም። ጓዳ ይዛኝ ገብታ ሁሉንም አስነገረችኝ፤ ፍርዱን፣ መውደቁን፣ መደገሙን። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ወላሂ፣ አንዲት ቃል ትንፍሽ እንዳትዪ» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከድር ዘንድ ሄድኩ። ብቻውን ነበር፤ ዴኩን ፈትቶ ውስጡን በጥጥ ያጸዳል።

«ኢንታላ ሰይድ! አካም?» አለኝ። ሁሌም የሚጠራኝ እንዲያ ነው፤ የሰይድ ልጅ።

«ጋሼ፣ አጅሬ በአባቴ ድምፅ አይናገር።»

ጥጡን አገላብጦ አየው። «የአባትሽ ነው ያለሽ ማነው?»

«ማንም አላለኝም። አውቀዋለሁ።»

«ስሚ፣ ኢንታላ ኮ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «አጅሬ ወድቆ ሞቶ ያውቃል? በሚቀጥለው ቅዳሜ ደህና ሆኖ አይደል የሚመጣው? የካርቱን ምት አያምም።»

«ቢሆንም ይተዉት፣ ጋሼ።»

ጥጡን አስቀመጠ። ከዚያ ራሴን ዳበሰኝና፣ «ቶሌ፣ እሺ። ተውኩት» አለኝ። ከረሜላ ሰጠኝ። ከረሜላውን እየመጠጥኩ፣ አባቴን ያዳንኩት መስሎኝ፣ እየዘለልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅዳሜ አጅሬ ጉሮሮውን ጠረገ። መተውስ ይቅርና ጨምሮበት መጣ። ቀበሮው የዶሮ ቤቱ ጣሪያ ላይ ለመውጣት መሰላል ሲያቆም፣ «መሰላሌን ያዝልኝ፣ ወንድሜ። መስመር ልቆርጥ ነው!» አስባለው። ከወንበሬ ሆኜ ከድርን አየሁት። እሱ ወደ እኔ አላየም። እሺ ብሎኝ ነበር እኮ። ለልጅ እሺ ብሎ የሚያጥፍ ትልቅ ሰው መጀመሪያ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ የሆነውን በዓይኔ አይቻለሁ። ከትምህርት ቤታችን አጥር ጥግ ያለው ምሰሶ ላይ መስመር ተበጥሶ አባቴ ሊጠግን መጣ። ጥርስ ያለውን ብረት እግሩ ላይ አስሮ፣ ቀበቶውን በምሰሶው አዙሮ ወጣ። የእረፍት ሰዓት ስለነበር ልጆች አጥሩ ጋ ተሰበሰቡ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ተሳቀ። ከዚያ ሌላው ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ፍርድ!» ብሎ ጮኸ።

«ይውደቅ! ሃ ኩፉ! ሃ ኩፉ!»

እያጨበጨቡ ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የለመዱትን ነው ያሉት፤ ሲወድቅ ደግሞ እንደሚነሳ ያውቃሉ። አባቴ ከላይ ሆኖ ወደ ታች አየ። ከዚያ ወደ እኛ አየ። «ዝም በሉ!» ብዬ ብጮህም ድምፄ በድምፃቸው ተዋጠ።

አልወደቀም። ግን ምሰሶውን በሁለት እጁ አቀፈው። ሽቦውን ሳይነካ፣ አንድ እግር አንድ እግር እያለ ወረደ። ሌላ ሠራተኛ መጥቶ ጨረሰው። አባቴ ከዚያ ወዲያ ምሰሶ ላይ አልወጣም፤ መሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት አስቀመጠው።

ቅዳሜ ጠዋት ካፖርቱን ለበሰና፣ «ነይ እስቲ፣ ያንን ቀበሮ አሳዪኝ» አለኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ «ሰይዶ፣ ይቅርብህ» አለችው። ሄድን። ጫማውን አውልቆ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ከልጆች መሃል፣ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሶ ተቀመጠ።

ከድር አየው። ዓይን ለዓይን ሲጋጩ እኔ መሃል ነበርኩ። ለጫማ ሌባ መብራት ማጥፋት የሚያውቅ ሰው ነው፤ ዛሬ መብራት ጠፋ፣ ዴኩ ተበላሸ ብሎ ቢበትነን ማን ይቀየመው ነበር? አጅሬን እንደ ድሮው እንደ ፍየል ቢያስጮኸውስ? በልቤ ስለምነው ነበር። ከድር ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረ። አጅሬ ጉሮሮውን ጠረገ።

ፍርዱ ላይ ሲደርስ ዶሮ የምትባል ነገር አላነሳም። ጣቱን ቀስሮ፣ «መስመር የቆረጠ፣ ቤት ያጨለመ፣ ምን ይሁን?» አለ። ልጆቹ ጮኹ። አጅሬ ወደቀ። «ይደገም!» አሉ። ካሴቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ቤቱ ጸጥ ባለበት መሃል አባቴ ሊናገር ነው መሰለኝ፣ በልማዱ፣ ሳያስበው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህ፣ እህህም።»

ሳቁ እንዴት እንደፈነዳ ልነግራችሁ አልችልም። ሁሉም ዞረ። አጅሬ ከኋላቸው ተቀምጧል! ወንበር ላይ ቆመው እያዩት ሳቁ። አባቴ የሚለውን ሳይል ቀረ።

ልጆቹ ሲወጡ ከድር እጁን ዘርግቶ መጣ። «ሰይዶ፣ ጨዋታ ነው እኮ! ልጆቹ ይወዱሃል» አለው። አባቴ እጁን አልጨበጠም፤ አልተሳደበምም። ቀና ብሎ ቆጣሪውን ሲያይ ቆየ። «ይቺ ሽቦ ላልታለች» አለ። ከኪሱ ካቻቢቴውን አውጥቶ፣ ወንበር ላይ ቆሞ አጠበቃትና ወረደ። «አሁን ልጅ አትይዝም» አለ። እጄን ይዞኝ ወጣን። ለከድር የተናገረው የመጨረሻ ቃል ያቺ ናት።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰምቼው አላውቅም። ሳል ሲመጣበት ተነስቶ ወደ ውጭ ይወጣል። አንዳንዴ «ደንብ…» ብሎ ይጀምርና ይተወዋል። አንድ ማታ እግሬን ሳልታጠብ አልጋ ላይ ወጣሁ፤ ሆን ብዬ፣ እንዲናገረኝ። በሩ ላይ ቆሞ አየኝና ብርድ ልብሱን አልብሶኝ ሄደ። ዓመቱ ሲያልቅ ዝውውር ተፈቀደለትና ደሴ ገባን። አገሩ ገብቶም ያ ድምፁ አልተመለሰለትም። ሲሞት ዝም እንዳለ ነው የሞተው። ፎቶው አለን፤ ካፖርቱም አለ። ድምፁ ግን የለንም፤ የቀዳውም የለ።

አድጌ ሥራ ጎባ ሲደርሰኝ እናቴ «ሂጂ፣ አገርሽ ነው» አለችኝ። ከድርን ያገኘሁት ሮቤ መናኸሪያው አጠገብ፣ በፍላሽ ፊልምና ዘፈን የሚጭን ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነበር። አርጅቷል፤ ጢሙን ሂና ተቀብቷል። የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የሰይድ መብራት ስለው ከወንበሩ ተነሳ።

«የሰይዶ! ያ አላህ! ኢንታላ ሰይድ!» አለ። «እንደ አባትሽ ያለ ጨዋ ሰው ባሌ ላይ አልመጣም። አንድም ቀን አልተጣላንም እኮ! እንዴት ነው?»

«ሞተ፣ ጋሼ።»

አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ለጫጩቷም እውነተኛ ነበር። ሻይ አስመጣልኝ። ሻዩን ሳልነካ፣ ዓመታት ስቋጥረው የኖርኩትን ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ያን የአጅሬን ድምፅ ከየት ነው ያመጡት?»

ፊቱ በራ። «እሱን ሁሉም ይጠይቀኛል!» አለ። «ከማንም አላመጣሁትም። አንድ ቅዳሜ ዝም ብሎ ከውስጤ ወጣ። የአላህ ስጦታ ነው።» ከዚያም ሳልጠይቀው፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ጉሮሮውን በቀጭኑና በወፍራሙ ጠርጎ አሰማኝ። ምንም አልጎደለውም። አባቴ ከባንኮኒው ማዶ የቆመ መሰለኝ።

እየዋሸኝ እንደሆነ ዓይኑን ፈተሽኩት። አልዋሸም። ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይህኛው ግን መርሳት ብቻ አይደለም፤ ጦሩን ራሴ ነኝ የሠራሁት ብሎ ይኮራበታል። ቢያስታውስና ቢክድ ይሻለኝ ነበር፤ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር። ሻዩን ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ። ደሜ ፈልቶ ጎባ እስክደርስ አልበረደልኝም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው የሞተው። ለቀብሩ ከሚኒባሱ አልወረድኩም። በሦስተኛው ቀን ግን እግሬ ወሰደኝ፤ ለእሱ ሳይሆን ለባለቤቱ ለአዴ ነፊሳ ብዬ ነው። ሴቶች ቤት ውስጥ ተቀምጠናል፤ ወንዶቹ ውጭ ድንኳን ውስጥ ናቸው። የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ዛሬ ነጋዴ፣ መምህር፣ ሾፌር ሆነዋል። ቁርዓኑ ካበቃ በኋላ ስለ ከድር ሲያወሩ በግድግዳው በኩል ይሰማናል። ስለ ጫማው አወሩ። ስለ ፍርዱ አወሩ። ከዚያ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህ፣ እህህም። ደንብ ነው፣ ወንድሜ!»

ለቅሶ መሃል ሳቅ ተነሳ። ሌላው ሞከረ፤ ቀጥሎ ሌላው። አንዱ አቀጠነው፣ አንዱ የሰካራም አስመሰለው። አራተኛው ግን ልክ ነበር። ብርጭቆዬን አስቀምጬ ሳላውቀው ከፍራሹ ተነስቼ ቆምኩ። አባቴ በሞተ በስንት ዓመቱ፣ ከድር በሞተ በሦስተኛ ቀኑ፣ ድንኳን ውስጥ ያወራል።

«የከድር ነው» አሉኝ አዴ ነፊሳ ቀና ብለው፤ ያላወቅኩ መስሏቸው። «ራሱ የፈጠረው። ልጆቹ እንዳይጠፋ ብለው በስልክ ቀድተውታል፣ አልሐምዱሊላህ። አንቺም ያኔ ቪዲዮ ቤት ትመጪ ነበር አይደል? ታውቂዋለሽ?»

አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የአባቴ ነው፣ አዴ። ባልዎ ሰርቆት ነው። ሴቶቹ ሁሉ ያዩኛል። አዴ ነፊሳ የለቅሶ ፍራሽ ላይ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣምረው ይጠብቃሉ። ከድር በአባቴ ላይ የከፈተውን ዓይነት ፍርድ በዚያ ቤት ልከፍት አልቻልኩም። ግን ዝም ብዬም መውጣት አቃተኝ። በሕይወቴ ሞክሬው የማላውቀውን ነገር አደረግኩ። ጉሮሮዬን በቀጭኑ፣ ከዚያ በወፍራሙ ጠረግኩ።

«እህ፣ እህህም። ደንብ ነው፣ ወንድሜ።»

አዴ ነፊሳ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ፤ እንባቸው በጣቶቻቸው መሃል ወረደ።

«ወላሂ፣ ቁርጥ ከድር!» አሉ። «ይደገም፣ ኢንታላ ኮ። አንዴ ብቻ።»

ደገምኩላቸው። አሁንም «ወንድሜ» ነው ያልኩት። «እናቴ» የሚለውን ከድር አልሰማውም፤ እሱን ለማንም ሳላሰማ ይዤው ወጣሁ።